ጌሙ ውስጥ ያለው ታፔላ ማንን ነው የሚያናግረው?

ጌም መስራት የጀመራችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ሰሞኑን በኢንቦክስ አንድ ዓይነት ጥያቄ እየደጋገማችሁ ትልኩልኛላችሁ። «ቲቸር፣ ዩኒቲ ላይ አማርኛ ስጽፍ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው የሚያሳየኝ፤ በቃ በእንግሊዝኛ ላድርገው?» አታድርጉት። እስቲ ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ።

ሳጥኑ የሚመጣው ፊደላችን ስለሚከብድ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እንደ ዓረብኛ ከጎረቤቱ ጋር እየተቀጣጠለ ቅርጹን አይቀያይርም፤ ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድሮ ይሄዳል። ችግሩ ከቴክስትሜሽ ፕሮ ጋር አብሮ የሚመጣው ፎንት ውስጥ የኛ ሆሄያት አለመኖራቸው ነው። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ነፃ ፎንት አውርዱ፣ ፎንት አሴት ፍጠሩበት፣ የግዕዙን ክልል በሙሉ አስገቡ። ከ300 በላይ ምልክት ስለሆነ ለእንግሊዝኛ ከሚበቃው ሰፋ ያለ አትላስ ስጡት። አለቀ።

ጽሑፉን ወደ ካሜራ ማዞር፣ ተጫዋቹ ሲርቅ መደበቅ፣ ይሄ በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። የኛ የራሳችን ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

አንደኛ፣ ፍጥነት። ጽሑፉ አንድ በአንድ ፊደል እየቆጠረ እንዲወጣ ታደርጋላችሁ አይደል? «ሰላም» በላቲን ሲጻፍ 5 ፊደል ነው፣ በኛ 3። ከእንግሊዝኛ ቪዲዮ ላይ የቀዳችሁትን ፍጥነት እንዳለ ካስቀመጣችሁት አማርኛው ሮጦ ያልቃል። ቀስ አድርጉት።

ሁለተኛው ይበልጣል። አንዱ ተማሪዬ የሰራውን ጌም አሳየኝ። መንደሩ መግቢያ ላይ ታፔላ ቆሟል፤ ተጫዋቹ ሲጠጋ ስክሪፕቱ ስሙን ያስገባና «እንኳን ደህና መጣህ» ይላል። በእንግሊዝኛ ቢሆን ስም መተካቱ ብቻ በበቃ ነበር። ታናሽ እህቱ ግን የራሷን ስም ጽፋ ገባች፣ ታፔላውን አነበበችና «ይሄ የወንዶች ነው እንዴ?» አለችው። ልጁ የዛኑ ቀን ማታ ኮዱን ከፍቶ መስመሩን ለሦስት ከፈለው፦ መጣህ፣ መጣሽ፣ መጡ። ሦስተኛው ለማን ነው ብዬ ስጠይቀው «አያቴም ይሞክሩታል ብዬ ነው» አለኝ።

በሉ እናንተም እንደዚሁ አድርጉ። ጽሑፉን ኮዱ ውስጥ አትቅበሩት፣ ለብቻው ፋይል ላይ አስቀምጡት። ጌሙ ሲጀምር ተጫዋቹን «አንተ»፣ «አንቺ» ወይስ «እርስዎ» እንደሚለው ይጠይቅ። ግሱ ሁሉ በዛ መልስ ይመረጥ። አዎ፣ ሥራው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ግን አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ታፔላ አንብባ ጌሙን ዘግታ ከምትወጣ እናንተ አንድ ማታ ብታመሹ ይሻላል።

የሰራችሁትን ታፔላ ስክሪንሾት ኮሜንት ላይ ለጥፉልኝ፣ አያለሁ።