ስንት ባይት ይበቃል?

እናቴ በውጫሌ ገበያ ጤፍ ዘርግታ ሳለች በድንገት ቢጠሯት፥ ሁሉን ሰብስባ የምታኖርበት ጆንያ ያሻታል። ውድ አንባቢ ሆይ፥ ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ፕሮግራም በሥራ ላይ ሳለ ሲግናል የተባለው ጥሪ ሲደርሰው፥ የሊኑክስ ከርነል ሬጅስተር በተባሉት የፕሮሰሰሩ ትንንሽ ኪሶች ያለውን ሁሉ ፕሮግራሙ ለዚሁ ባዘጋጀው ቁልል ያኖራል፤ ኋላ ሥራው ከቆመበት ይቀጥል ዘንድ። የቁልሉ ትንሹ ልክ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች 2048 ባይት ተብሎ ተወስኖ ኖሯል። ኤቪኤክስ-512 ግን እያንዳንዳቸው 64 ባይት የሚይዙ 32 ሬጅስተሮች ይዞ መጣ። በእርሳሴ ባባዛው 2048 ሆነብኝ! ለቀሩት ሬጅስተሮች ስፍራ የለም፤ የተረፈውም ፈስሶ የጎረቤቱን ማስታወሻ በጸጥታ ያበላሽ ነበር። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወዲህ፥ ከሊኑክስ 5.14 ጀምሮ፥ ከርነሉ እንደ ፕሮሰሰሩ ዓይነት ልኩን አስልቶ ፕሮግራሙ ሲነሣ ይነግረዋል። 2048ን ቆርጠው የያዙ አሮጌ ፕሮግራሞች ግን ይህን የሚሰሙበት ጆሮ የላቸውም።