ሁለቱን ወገን መስማት

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆኜ ስለ ሥነ ልቡና መጻፌ ይገርማችሁ ይሆናል። ምክንያቱ አባቴ ናቸው። ለክረምት አገር ቤት ስገባ «ምን ዕውቀት አመጣህ?» ይሉኛል።

የብሉማ ዘይጋርኒክን ነገር ልንገራቸው አሰብሁ። ይህች ሴት በበርሊን የኩርት ሌቪን ተማሪ ሳለች ለሰዎች ከ18 እስከ 22 የሚደርሱ ትንንሽ ሥራዎች ሰጥታ፣ ግማሹን አስጨረሰች፤ ግማሹን በመካከል አቋረጠችባቸው። ኋላ ብትጠይቃቸው ከተፈጸመው ይልቅ የተቋረጠውን አብልጠው አስታወሱ። ጥናቷ እ.ኤ.አ. በ1927 ታትሞ ወሬው በዓለም ተሰማ፤ ስለ ማስታወቂያና ስለ ተከታታይ ልብ ወለድ የሚጽፉ ብዙዎች ይጠቅሱታል። ነገር ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ውጤቱ አንዴ ተገኝቷል፤ አንዴ ጠፍቷል። ይህን ለሕዝብ የሚያወራው ጥቂት ነው።

ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1969 የአሜሪካ ሥነ ልቡና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሳለ፣ ይህ ዕውቀት ለሕዝብ ይሰጥ ብሎ ነበር። እኔም እስማማለሁ፤ ዳሩ ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ከነክርክሩ ይሰጥ። አባቴ በሽምግልና ተቀምጠው ሁለቱን ወገን ሳይሰሙ አይፈርዱም። የመጀመሪያውን ውጤት ብቻ ብነግራቸው ይደነቁልኛል፤ ግን ፍርዳቸውን ነጠቅኋቸው ማለት ነው።

እንግዲህ ለሕዝብ የምንናገር ሁሉ፣ ሕዝቡን እንደ ዳኛ እንቁጠረው።