እመክራለሁ እንጂ አላውስም

መጽሐፍ በመምከር የታወቅሁ ሰው ነኝ። ደብረ ብርሃን በማስተምርበት ግቢ ተማሪዎች «መምህር፣ ክረምቱን ምን ላንብብ?» ይሉኛል። መሐል ሜዳና ሞላሌ ያሉ የእህቶቼ ልጆች ሲደውሉ ከሰላምታው ቀጥሎ «ጋሼ፣ አሁን ምን እያነበብክ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እንኳ ጨዋታው ቀዝቀዝ ሲል አንዱ ጠጋ ብሎ «ሰሞኑን ምን ጥሩ ነገር ወጣ?» ይለኛል። መልስ አጥቼ አላውቅም። ስጠየቅ ውስጤን ደስ ይለዋል፤ ልናዘዝ የፈለግሁትም ይህንኑ ደስታ ነው። ብዙውን ጊዜ ከመጽሐፉ የመጣ አይደለማ።

ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ግራ የሚገባቸው ይመስለኛል። ጾም ስለ መግደፍ፣ ሰው ስለ ማማት ይጠይቁኛል እንጂ ያልጨረሱትን መጽሐፍ ስለ ማሞገስ ጠይቀውኝ አያውቁም። ቀኖናውም ስንት ስግደት እንደሚሆን እንጃ። እንግዲያው ለአንባቢ ልናገር።

ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ልጀምር። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ የአማርኛ አንባቢ ነኝ የሚል ሁሉ ሳይመክረው ያለፈ አይመስለኝም፤ እኔም ከመካሪዎቹ ፊት ነበርኩ። ስለ በዛብህ ዕድል፣ ስለ ሰብለ ወንጌል፣ ስለ ጉዱ ካሣ ነገር ሻይ ቤት ተቀምጬ እስኪመሽ ተከራክሬአለሁ። ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን መጽሐፉን በእጄ ይዤው አላውቅም ነበር። የማውቀው ወጋየሁ ንጋቱን ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው እኛ ቤት ጎረቤቱ ይሰበሰባል። ለዚያ ሰዓት ሲባል ቀን ሬዲዮ መክፈት ክልክል ነው፤ የደከመው የባትሪ ድንጋይ ጠዋት ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ማታ ለትረካው የምትበቃ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። አያቴ ባናቸውን ተከናንበው ፊታውራሪ መሸሻ በተናገረ ቁጥር «አንተ ልበ ደንዳና!» እያሉ ከሬዲዮው ጋር ይጣላሉ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የከተማ ልጆች «አንብበኸዋል?» ሲሉኝ ሳላመነታ «አዎ» አልኩ። ሰምቼዋለሁ ማለት የመጣሁበትን አገር የሚያጋልጥብኝ መሰለኝ። እንጂማ መስማት ምን ነውር አለው? ተአምረ ማርያሙን፣ ገድሉን፣ ድርሳኑን ሕዝቡ የጠገበው በጆሮው ነው፤ መጽሐፍ በዐይን ብቻ ይገባል የሚለውን እኔ የለመድኩት ከአስኳላ ነው። ኋላ ገዝቼ ሳነበው እንኳ ጉዱ ካሣ ከወጋየሁ ጉሮሮ በቀር በሌላ አልናገርም አለኝ። ውሸቴ ስለ መጽሐፉ አልነበረም። ስለ እናቴ ቤት ነበር።

ከዚህ ወዲያ ያለው ቀላል ነው፤ ቶሎ ልበለው። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ አገሩን ያዘው። መጽሐፍ ሲይዝ አይቼው የማላውቀው የታክሲ ረዳት ሳይቀር ተራ እስኪደርሰው ቆሞ ሲያነብ አይቻለሁ። እኔም ማታ ጀመርኩት፤ የጣና ገዳማቱ፣ ስለላው፣ ማሳደዱ ይዞኝ ሄደና ሳልተኛ ነጋ። በማግስቱ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ወሬው ሲነሣ «ቀለል ያለ ነው፤ ለጀማሪ ይሆናል» አልኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣኝን ጠዋት ናቅሁት። በዚያው አፌ የአዳም ረታን «የስንብት ቀለማት» ላገኘሁት ሁሉ እመክራለሁ። ትልቅ ሥራ መሆኑን ካነበብኩት አውቃለሁ፤ ካነበብኩት ግን ያላነበብኩት ይበልጣል፤ የአውቶቡስ ትኬት እንደተሰካበት ተቀምጧል። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን «ሌቱም አይነጋልኝ» ደግሞ በጋዜጣ ለብጬ፣ በር ዘግቼ ነው ያነበብኩት። ለአንድም ሰው አልመከርኩትም፤ ዐረፍተ ነገር እንዴት ያለ ጌጥ መራመድ እንደሚችል ግን ከእርሱ የተማርኩትን ያህል ከመከርኳቸው መጻሕፍት አልተማርኩም። የምመክረውና የማነበው እንዲህ እንደ ተቀያየሙ ጎረቤታሞች ተለያይተው ይኖራሉ።

እንግዳ ሰው ስለ መንዝ ሲጠይቀኝም መልሴ የተዘጋጀ ነው፤ ዶናልድ ሌቪን። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ መንዝ ውስጥ ተቀምጦ ያየውን ጨምሮ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ሰምና ወርቅ ያሳተመው መጽሐፍ የአገሬን ስም ከጀማ ገደል ባሻገር አውጥቶታል። ስመክረው ደረቴ ይነፋል። ሌቪን ግን እኛን ለማወደስ ብቻ አልጻፈም፤ ነገርን በድርብ ትርጉም መሸፈን ለቅኔና ለጨዋታ ቢያምርም ግልጽ ንግግር ለሚሻ ለዘመናዊ ሥራ እንቅፋት እንደሚሆን ይከራከራል። ይህን ክፍል ለእንግዶቼ አንሥቼ አላውቅም። የከፋው ነገር የሰውየው ክርክር እኔ ላይ መሥራቱ ነው። «ቀለል ያለ ነው» ሰሙ፤ ወርቁ «እኔ ከባድ ሰው ነኝ» ነዋ።

የቤቱ ጌታ አያቴ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበራቸው፤ ዳዊት። ከቆዳ ማኅደሩ አውጥተው ማለዳ ይደግማሉ። መዝሙሩ በ15 ንጉሥ የተከፈለ ነው፤ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ይይዛል። ጧት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሲገናኙ ሽማግሌዎቹ ስንት ንጉሥ እንደ ደረሱ ይጠያየቃሉ፤ ያኔ ልብ አላልኩትም እንጂ ምን እያነበብክ ነው መባባላቸው ነበር። ፉክክርም አይጠፋውም፤ ቅዱሳን ነበሩ አልልም። አያቴ ግን ዳዊትን አንብቡ ብለው ማንንም ሲመክሩ ሰምቼ አላውቅም። ድምፃቸውን ለቀው ይደግማሉ፤ አበቃ። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ገብሱን እየፈተገች ትሰማለች። ግእዙ ትርጉሙ ባይገባትም ብዙውን በቃሏ ይዛው ነበር፤ አያቴ ሲሳሳቱ ከማጀት ሆና ታርማቸዋለች። ከዚያ የሚበልጥ የመጽሐፍ ግብዣ አላየሁም፤ መካሪም አልነበረበት።

ስለ መምከር ሳስብ ሌላም የጎረቤት አገር ሰው ይመጣብኛል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተወለዱት መርሐቤቴ፣ ደን ውስጥ ነው። ብዙ ሰው በ«ወዳጄ ልቤ» ወይም ስለ ጃፓን ጉዟቸው በጻፉት ያውቃቸዋል፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ነበሩ። እኔን የሚያሳፍረኝ ግን ከሁሉ ደረቅ የሚመስለው ሥራቸው ነው። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ስም ሰብስበው ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው እንደገና አወጡት። ከመጀመሪያው እትም በፊት በነበረው ዓመት ለንደን ሄደው የጆርጅ 5ኛን የዘውድ በዓል አይተው የተመለሱ ሰው፣ ሊጽፉት የሚችሉት ስንት ወሬ ነበር! እርሳቸው ቁጭ ብለው የሌሎችን መጻሕፍት ስም ዘረዘሩ። በተማሪነቴ ዝርዝሩን ሳየው ምኑ ይነበባል ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው እንዲህ ያለ ወረቀት የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ መጽሐፍ አለ፣ ፈልገው። የእኔ ምክር ግን መጽሐፉ መኖሩን ከመናገሩ በፊት እኔ እንዳነበብኩት ይናገራል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለዋናው መንደርደሪያ ነው። መጽሐፍ እመክራለሁ እንጂ አላውስም።

መምከር ገንዘብ አያስወጣም፤ መደርደሪያም አያጎድልም። ስመክር ቸር እባላለሁ። «ታዲያ አውሰኛ» ሲሉኝ ግን መልሴ ብዙ ነው፤ ሰው ወስዶታል፣ ልደግመው ነው፣ ለክፍል ያስፈልገኛል። እኛ ዘንድ ሰው ስለ ርስት ሲሟገት ዕድሜውን ይጨርሳል፤ አባቶቼ በመሬት የሠሩትን እኔ በወረቀት እየሠራሁት ነው። ለዚህም አንድ ወቅት ሃይማኖታዊ ማስረጃ አግኝቼ ነበር። የብራና መጻሕፍቶቻችን ዳር ላይ የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። አየህ፣ አባቶችም አያውሱም ነበር፤ እያልኩ እጽናናለሁ።

ነገሩን ጠጋ ብዬ ሳየው መጽናኛው ከዳኝ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር የመንዝና ግሼ፣ የመርሐቤቴም አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤታቸውን ከከፈቱት ውስጥ ነበሩ። በዓመታት ውስጥ 9,000 ገደማ መጻሕፍት በፊልም ተነሡ፤ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ገባ። እዚያ ተቀምጠው ካታሎጉን ለዓመታት ከጻፉት አንዱ የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ በ1968 ዓ.ም. በጥይት ቆስለው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ ካቆሙ በኋላ፣ ከተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው። ግዝት የተጻፈበትን፣ አንድ ብቻ የሆነውን፣ ቢጠፋ የማይተካውን መጽሐፍ ካህናቱ ለማያውቁት ሰው ካሜራ ገለጡለት። እኔ በሺህ የታተመ ወረቀት ለተማሪዬ እነፍጋለሁ። ግዝቱ ለካ የሚከለክለው ስርቆትን ነበር፤ ማስነበብን አይደለም።

ስርቆት ካልን ደግሞ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» አለ። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ያን ጊዜ የተረፈው ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ ነበር የሚዞረው። ማዋስ ያኔ ጭንቅ ነበረበት፤ ማን አዋሰህ ቢባል ምን ሊከተል እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። ሰው ግን አዋሰ፤ መጽሐፉም በዚያ ዳነ። እኔ መደርደሪያ ላይ ያለው የመጀመሪያው እትም ነው፤ ስለ እርሱ ለተማሪዎቼ ያላልኩት የለም። ያላልኩት አንድ ነገር ቢኖር የእኔ አለመሆኑ ነው። አንድ አስተማሪዬ አውሰውኝ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ «ሲመችህ ትመልሰዋለህ» ብለው ሰጡኝ፤ ሳይመቸኝ እርሳቸው አረፉ። ልጆቻቸው የት እንዳሉ አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ እንድመረምር ያደረገኝ የእህቴ ልጅ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሣ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ኢንተርኔቱም ለወራት ጠፋ። ልጁ መሐል ሜዳ ቤት ዋለ። ስልክ በሠራ ቀን ደውሎ «ጋሼ፣ ቀኑ አልመሽ ብሎኛል፤ ምን ላንብብ?» አለኝ። ምክሬ ወረደ፤ ሐዲስ፣ በዓሉ፣ ስብሐትን ዘልዬ አዳም። ስለ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ አብራራሁ፤ ድምፄ ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ልጁ እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠኝና «እሺ ጋሼ፣ የት አገኛቸዋለሁ?» አለ። የጽሕፈት መሣሪያ ቤቶቹ ደብተርና የፈተና አጋዥ እንጂ ልቦለድ አልያዙም፤ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሳምንት ይዘጋል። የጠራኋቸው መጻሕፍት በሙሉ ክንዴን ብዘረጋ የምደርስባቸው ነበሩ።

መንገድ ሲገኝ በዘመድ እጅ ላክሁለት፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን፣ እና ያቺን ሌሊት ሳላነሣበት «ዴርቶጋዳ»ን። ከስንት ጊዜ በኋላ ደወለ። «ዴርቶጋዳ»ን በሁለት ቀን ጨርሶ፣ ሳያስፈቅደኝ ለጎረቤት ልጅ አውሶታል፤ ያም ለሌላ። አሁን ማን ጋ እንዳለ አያውቅም። መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው፤ «ስሜን አላየህበትም?» ልለው ነበር። «ሐዲስስ?» አልኩት በምትኩ። «እሱን ማታ ማታ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የማነበው፤ እማዬ እየሰማች ነው» አለኝ። ከዚያ «ያ ኦሮማይ ያልከኝንስ መቼ ትልክልኛለህ?» ሲል ኔትወርኩ ጥሩ ነበር፤ በደንብ ሰምቼዋለሁ። «አይሰማኝም፣ እንደገና እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

አልደወልኩም፤ አልላክሁትምም። ለአስተማሪዬ ልጆችም ገና አልነገርኩም።