ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ሜክሲኮ

የምኖረው ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ነው። ስሙ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ላለችው አገር መታሰቢያ ነው። እናላችሁ፣ ቅዳሜ ማታ ጓደኛዬ የዚያችኑ አገር መጠጥ ይዞ ከች አለ፤ ተኪላ! ሃሊስኮ በሚባለው ግዛት ያለች ከተማ ስም ነው፤ መጠጡ የሚወጣውም ከቃጫ ዘመድ ነው።

ሎሚ ከጉልት ገዛሁ። የኛዋ ትንሿ ሎሚ የነሱም ናት። ሁለት እጅ ተኪላ፣ አንድ እጅ ሎሚ፣ አንድ እጅ ብርቱካን ጭማቂ፣ ትንሽ ስኳር። በረዶ ጨምሬ ክዳን ባለው ጠርሙስ ናጥኩት። የብርጭቆውን አፍ በሎሚ አርሼ ጨው አስነካሁት።

ሲጣፍጥ! ችግሩም እሱ ነው፤ ጭማቂ ይመስላል። ጓደኛዬ ሦስተኛውን ጨርሶ መኪና ልንዳ አለ። ቁልፉን ደበቅኩበት፤ ተኮራረፍን። ጠዋት ሶፋዬ ላይ ነቅቶ «ይቅርታ» አለኝ።

እናንተም ሎሚ ከመጭመቃችሁ በፊት የእንግዳችሁን ቁልፍ ተቀበሉ።