በአውሬ ቤት እንግዳ ስለ መሆን

ለልጆች ፍርሃትን ማስተማር ቀላል ነው፤ ድፍረትንም ማስተማር ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው በሁለቱ መካከል ያለውን አክብሮትን ማስተማር ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በአዳሚ ቱሉ ሳለን ከልጃችን የቀረበልን ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም በብዙ ቤት የሚነሣ መስሎ ስለ ታየን መልሱን ለተከበሩ አንባቢዎቻችን ለማካፈል ወደድን።

አዳሚ ቱሉ በኦሮምኛ የቍልቋል ኮረብታ ማለት ነው። ከተማው ከባቱ፥ ማለት ቀድሞ ዝዋይ ይባል ከነበረው ከተማ፥ በስተደቡብ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣውም የቡልቡላ ወንዝ በዚያው አገር አልፎ ወደ አቢጃታ ይወርዳል። ደንበል የሚባለው ይህ የዝዋይ ሐይቅ ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጠለቀው ስፍራ እንኳ ከ9 ሜትር ብዙ አያልፍም። ውኃው ድፍርስ ስለ ሆነ ጠልቆ ለመመልከት አይመችም። ነገር ግን ጕማሬ አለበት፤ የአገሩም ሰው ሮቢ ይለዋል።

ልጃችን 12 ዓመቱ ነው። ሰዎች አየር የታመቀበትን በርሜል በጀርባቸው ተሸክመው ሻርክ ከሚባለው ታላቅ ዓሣ ጋራ በባሕር ውስጥ ሲዋኙ በተንቀሳቃሽ ሥዕል አይቶ ኖሮ፥ እናቱ ወደ ውኃው ዳር እንዳይወርድ በከለከለችው ቀን፥ «አባዬ፤ እነዚያ ሰዎች ከሻርክ ጋራ ሲዋኙ ይመሰገናሉ፤ እኔ ጕማሬን ከዳር ሆኜ እንኳ እንዳላይ ስለ ምን እከለከላለሁ?» ብሎ ጠየቀን። የቤታችንም እመቤት፥ «እንግዲህ እርስዎ ይመልሱለት» አለችን።

ነገሩ እንዲህ ነው ብለን ጀመርንለት። ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. በውኃ ውስጥ የሚተነፈስበትን አዲስ መሣሪያ ሠሩ። ከዚህም በኋላ ብዙ ሰው እንደ ዓሣ ነፃ ሆኖ በባሕር ሥር ለመመላለስ ቻለ። ለጐረቤታችን ለቀይ ባሕርም ብዙ ጐብኚ መጣለት። የኦስትሪያው ተወላጅ ሐንስ ሐስ በ1949 እና በ1950 በፖርት ሱዳን አካባቢ ከሻርኮች መካከል ገብቶ ሥዕላቸውን አነሣ። የኢጣልያው ፎልኮ ኲሊቺም በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ የተነሣውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል በ1954 ለዓለም አሳየ። ዛሬም በጅቡቲ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፥ በብርዱ ወራት፥ ከዓሣ ወገን ሁሉ በግዝፈቱ የሚበልጠው ሻርክ ይሰበሰባል። ይህ ዓሣ ርዝመቱ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ምግቡ ግን በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረቶች ስለ ሆኑ ሰዎች በአጠገቡ ይዋኛሉ።

ልጃችን ይህን ሲሰማ ድል ያደረገ መሰለው። እኛም ቀጥለን የእነዚህን ሰዎች ሥርዓት ነገርነው። ጠላቂ በየ10 ሜትሩ አንድ የአየር ግፊት ይጨመርበታል። በችኰላ ወደ ላይ ቢወጣ በደሙ የገባው ናይትሮጂን አረፋ ሆኖ ይጐዳዋል፤ ትንፋሹን ይዞ ቢወጣም ሳንባው ይቀደዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ይማራል፤ ብቻውን አይወርድም። ሻርክም ባየ ጊዜ አይነካውም፥ አይንቦጫረቅም፥ ዓይኑንም ከእርሱ አያነሣም፤ ዓሣው የተቈጣ እንደ ሆነም ቀስ ብሎ ስፍራውን ይለቃል። ሰው የሚያመሰግነው ድፍረቱን ነው፤ ወደ ቤቱ በደኅና የሚመልሰው ግን ሥርዓቱ ነው።

በማግሥቱ በሐይቁ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ ወደ ሸመገሉ አንድ አባት ወሰድነው። የሐይቁ ደሴቶች ነዋሪ የሆኑት የዛይ ሰዎችና የዳሩ አገር ገበሬዎች ከጕማሬ ጋራ በአንድ ውኃ ሲኖሩ ብዙ ትውልድ አልፏል፤ ዕውቀታቸውም በኑሮ የተፈተነ ነው። ሽማግሌውም ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው፥ «ልጄ፤ ጕማሬ አራት ነገር አይወድም፤ ድንገት የሚመጣበትን፥ ግልገሉን የሚቀርበውን፥ ከውኃው የሚቈርጠውን፥ በማታ መንገዱ ላይ የሚቆመውን። እኔ በታንኳ ስሄድ እንዲሰማኝ ጐኑን በመቅዘፊያ እመታለሁ፤ ሲሰምጥ ካየሁት ወዴት እንደሚወጣ አላውቅምና እርቃለሁ» አሉት።

ይህ ምክር ሊቃውንት ከጻፉት ጋራ ይስማማል። ጕማሬ ሣር በል ስለ ሆነ የዋህ ይመስላል፤ ነገር ግን ክብደቱ ከ1,500 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል፥ የታችኛው መንጋጋው ክራንቻም ግማሽ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በአፍሪካ ሰው ከሚገድሉት ታላላቅ አራዊት አንዱ ነው። በውኃ ሥር 5 ደቂቃ ያህል ትንፋሹን ይዞ ወለሉን እየረገጠ ይሄዳል። ቆዳውን ፀሐይ ስለሚያደርቅበት ቀን በውኃ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ 40 ኪሎ ያህል ሣር ይግጣል።

ከዚህ በኋላ ከሽማግሌው ጋራ በአንድ ከፍ ባለ ስፍራ ቆመን ከሩቅ ተመለከትን። መጀመሪያ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ታየ፤ ቈይቶም አንዱ ጕማሬ ወደ እኛ ዞሮ አፉን በሰፊው ከፈተ። ልጃችን እጃችንን ይዞ፥ «አባዬ፤ ይበቃል፤ እንሂድለት» አለ። ሽማግሌው ፈገግ ብለው፥ «ይህ ልጅ ገብቶታል» አሉ።

እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ የምንኖር ነንና የወሰን ክርክር ብዙ ሰምተናል። ጕማሬ ከሳሽ ሆኖ ቢቀርብ የሚያመጣው ማስረጃ ቀላል አይሆንም። እርሱ ሌሊት ይሄድበት የነበረው የሐይቁ ዳር በብዙ ስፍራ ታርሷል፤ ውኃውም ለመስኖ ይሳባል፤ ቡልቡላ የሚመግበው አቢጃታም ከቀድሞው ዳር እጅግ ሸሽቷል። በሌላው ወገን ደግሞ በቈሎው በአንድ ሌሊት የተረገጠበት ገበሬ አለ፤ የእርሱም ጩኸት እውነተኛ ነው። ሻርክም ቢሆን ክሱ ከዚህ ይከብዳል። ሰው ሳይነካው ሻርክ በዓለም ሁሉ የሚገድለው ሰው በዓመት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 አይበልጥም፤ ሰው ግን በየዓመቱ 100 ሚሊዮን ያህል ሻርክ እንደሚገድል ሊቃውንት ገምተዋል። ሕፃናት «ክፉ አውሬ» እየተባለ ሲነገራቸው የሚያድጉት የቱ የቱን እንደሚበላ ሳይመረመር ነው።

በመጽሐፈ ኢዮብ እግዚአብሔር ጻድቁን ሲጠይቀው ብሔሞትንና ሌዋታንን ያነሣለታል። ሰው ያላዘዛቸው፥ ያልገራቸው ፍጥረቶች መኖራቸውን ማወቅ ለትዕቢታችን መድኃኒት እንደ ሆነ ከዚያ እንረዳለን።

ስለዚህ ቤተ ሰብ የምታስተዳድሩ ሁሉ፥ ልጆቻችሁ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ጣና ሲወርዱ «አትሂድ» ብቻ ብላችሁ አትተዉአቸው፤ የተከለከለ ልጅ ተሰርቆ ይሄዳልና። የውኃውን ጠባይ ከሚያውቅ የአገር ሰው ጋራ በማለዳ ውሰዷቸው፥ ምሽት ሳይሆንም መልሷቸው። ወደ ሰው ቤት ሲገቡ ከደጅ ድምፅ ማሰማትን፥ ባለቤቱ ሲቈጣም ተሰናብቶ መውጣትን እንዳስተማራችኋቸው፥ የአውሬውንም ቤት በዚያው ሥርዓት ይጐብኙ። እንዲህ ያደገ ልጅ ነገ ስለ ሐይቁ ዳርና ስለ ውኃው በሚፈርድበት ወንበር የተቀመጠ እንደ ሆነ፥ አፍ የሌለውንም ባለ ጉዳይ ያስበዋል።