የሪፖርት ካርድ የማያሳየን

በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያላችሁ ወላጆች የዲሴምበርን ጥድፊያ ታውቁታላችሁ። ፈተናው፣ የውጤቱ ዜና፣ የቤተ ክርስቲያን የገና ዝግጅትና የትምህርት ቤቱ ኮንሰርት ሁሉም ይደራረባሉ።

ባለፈው ዓመት ልጃችን የምትሳተፍበት ኮንሰርት ከጸሎት ምሽታችን ጋር ተገጣጠመ። ባለቤቴ ፓስተር ነው። ልጃችን «አባዬ እንደማይመጣ አውቃለሁ» ስትለኝ በድምፅዋ ቅሬታ እንኳ አልነበረም። ያሳሰበኝ ይኸው ነው። ለባለቤቴ ነገርኩት፤ ምሽቱን ለሽማግሌዎች አደራ ሰጥቶ አብረን ሄድን። ከመድረክ ላይ ስታየው ፊቷ በራ። እሑድ አንድ ወንድም «ፓስተር፣ የት ነበሩ?» ሲለው «ልጄ ጋ» ብሎ መለሰ።

በዓሉ «የክረምት ኮንሰርት» እንጂ «ገና» አይባልም። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሁሉም ልጆች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቶች ጸሎት እንዳያዘጋጁ ወስኗል። ተማሪ በግሏ ብትጸልይ ግን አትከለከልም። ገናን ማስተማር የእኛ የወላጆች ድርሻ ነው። የአገራችን ገና ጃንዋሪ 7 ሲውል ብዙውን ጊዜ ትምህርት ተከፍቷል፤ ስለዚህ ዶሮውን ማታ እንቆርሳለን፤ የልደቱንም ታሪክ ያኔ እናወራለን።

ሪፖርት ካርድ ሲመጣ ሉቃስ 2፥52ን አስቡ። ወንጌላዊው የጌታን ዕድገት ሲዘግብ በጥበብ ብቻ አያበቃም፤ አካሉንም፣ በእግዚአብሔርና በሰው ዘንድ የነበረውን ሞገስም ይጨምራል። ካርዱ የሚያሳየን ከእነዚህ ጥቂቱን ነው። የቀረውን ለማየት ከልጆቻችን አጠገብ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ባለትዳሮች፣ ዛሬ ማታ የቀን መቁጠሪያውን አብራችሁ ግለጡና የልጆቻችሁን ቀን ቀድማችሁ ጻፉበት። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።