ካርጃት የማይቆመው ባቡር

ሕንድ አገር የተማረ ሐበሻ ስለ ትምህርቱ ቢጠየቅ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይገላገላል። ባቡሩን ካነሣችሁበት ግን ቡናው በረካ እስኪደርስ አይለቃችሁም። እኔም ከስንት ዓመት በኋላ ሙምባይ ስደርስ ያማረኝ ባሕሩ አልነበረም፤ ወደ ተማርኩባት ወደ ፑኔ የሚያወጣው ሐዲድ ነው።

መንገዱ 192 ኪሎ ሜትር ነው። ከዲብሩጋር ተነሥቶ ካንያኩማሪ ለመድረስ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ ባቡር ባለበት አገር ይሄ ጉዞም አይባል። ነገር ግን መሐል ላይ ቦር ጋት የሚሉት ተራራ ተገትሯል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1863 ሐዲዱን አሳልፈው እስኪጨርሱ ድረስ ስንትና ስንት ሺህ የቀን ሠራተኛ አልቆበታል። ዳገቱ በየ37 ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ ይላል። ለእግረኛ ምንም አይደለም፤ ባቡር ግን ብቻውን አይወጣውም።

ስለዚህ ግርጌው ላይ፣ ካርጃት ጣቢያ ይቆማል። ከኋላው ተጨማሪ ሎኮሞቲቮች ይቀጠሉለትና እየገፉ አናቱ ላይ ካለችው ሎናቭላ ያደርሱታል። እስኪቀጠሉ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ናት የካርጃትን ቫዳ ስም ያስጠራችው። ቫዳ ማለት ድንች በእርድና በቃሪያ ተደፍጥጦ፣ የሽምብራ ዱቄት ተለውሶበት ዘይት ውስጥ የገባ ነው፤ በዳቦ መሐል ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ተነስንሶበት ይበላል። (የጾም ነው። ስንት ዐቢይ ጾም በእሱ እንደወጣን የፑኔ ተማሪ ያውቀዋል።) በመስኮቱ ብረት መሐል ገንዘብ ይወጣል፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ነገር ይገባል። ፊሽካ ሲነፋ መልስ ያልደረሰው ተሳፋሪ ይጮኻል፤ ሻጩ እየሮጠ ያቀብለዋል። መልስ ይዞ የቀረ ሻጭ አይቼ አላውቅም።

ዘንድሮ የተሳፈርኩት ግን በአዲሱ፣ በቫንዴ ባራት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከሙምባይ በፑኔ አድርጎ ሶላፑር ይሄዳል። ሞተሩ ፊት ላይ ብቻ ሳይሆን በፉርጎዎቹ ሥር ተከፋፍሎ ስለተገጠመ ገፊ አያሻውም። ገፊ ካላሻው ካርጃት ምን ያቆመዋል? ሽው ብሎ አለፈ። ሻጮቹን በማይከፈተው መስታወት አየኋቸው፤ ሌላ ባቡር ይጠብቁ ነበርና ቀና ብሎ ያየን የለም።

አልዋሽም፣ ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው። ድሮ ቀዳዳው ቀጥታ ሐዲዱ ላይ ስለሚያፈስ ጣቢያ ላይ መጠቀም ክልክል ነበር፤ ቸግሮት ጣቢያው እስኪያልፍ የጠበቀ ሰው የአዲሱን ዋጋ ያውቃል። ወንበሩም ይመቻል። ምግቡን ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ በትሪ ያመጣል፤ ጣዕሙን ግን አሁን ማስታወስ አልችልም። ከሁሉ የገረመኝ ዝምታው ነው። ያኔ ባቡር ላይ የተቀመጠ ሐበሻ አገሩን፣ የአባቱን ሥራ፣ ለምን እስካሁን እንዳላገባ ሳይናገር አይወርድም ነበር። አሁን አጠገቤ ያሉት ሰውዬ ከስልካቸው ቀና ያሉት መንገድ እንድለቅላቸው ብቻ ነው። ያ ሁሉ ጥያቄ ያኔ ያሰለቸኝ ነበር፤ ሳይጠይቁኝ ሲቀሩ ደግሞ ቅር አለኝ።

ሙምባይ ተመልሼ ነበርና ቀጥሎ ተራውን ባቡር ያዝኩ። መስኮቱ ይከፈታል፣ ብረቱም አለ፣ ካርጃትም ቆመ። ሁለት ቫዳ ተቀብዬ ገንዘብ ስዘረጋ ሻጩ ራሱን ነቀነቀ፤ ዝርዝር የለውም። አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን በስልክ የሚከፈልበትን ካርድ አሳየኝ። የእኔ ስልክ ደግሞ የሕንድ ባንክ የለውም። ይህን ሳስረዳ ፊሽካው ተነፋ፤ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት እናት በስልካቸው ከፈሉልኝና ገንዘቤን ሊቀበሉ እምቢ አሉ። ከዚያ ጀመሩ፦ የየት አገር ሰው ነህ? አባትህ ምን ይሠራል? ስንት ልጅ አለህ?

ሎናቭላ ስንደርስ ገና ደመወዜ ላይ ነበርን።